አሥራ አንዱ በር፦ ዲያስፖራ ሰፈር ያለ አንድ ቤት እንዴት ተሸጠ

ቅዳሜ ጠዋት አክስቴ ትልቁን ቤት ትከፍተዋለች። ከሳሎን ትጀምርና ወደ ላይ ወጥታ የሦስቱን መኝታ ቤት መስኮት አንድ በአንድ ትከፍታለች። ሶፋው ላይ ያለው ፕላስቲክ ከሱቅ እንደወጣ ነው፤ እሱን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውለዋለች። መጋረጃ ታራግፋለች። እኩለ ቀን ሲሆን ሁሉንም መልሳ ቆልፋ ወደ ሰርቪሱ ትመለሳለች። የምትተኛው፣ የምታበስለው፣ ቡና የምታፈላው እዚያ ነው።

«ለምን ትልቁ ቤት ውስጥ አትተኚም?» ብዬ ብዙ ጊዜ ጠይቄያታለሁ።

«ለብቻየ ምን ላድርግበት የኔ ልጅ? ስናገር ድምፄ ራሱ ተመልሶ ይመጣብኛል» ትለኛለች።

ቤቱ ጂ ፕላስ ዋን ነው። ያለው ባሕር ዳር፣ ሰዉ ዲያስፖራ ሰፈር በሚለው አካባቢ ነው። ባለቤቱ ልጇ ነው፤ የእኔ የአክስት ልጅ። ከ20 ዓመት በላይ አሜሪካ ኖሯል። መስከረም 2016 ላይ ደውሎ «ቤቱን ሽጥልኝ» አለኝ። ቤቱ የተሸጠው ሚያዝያ 2017 ነው። አንድ ዓመት ከሰባት ወር ፈጀ ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ስለ ሰፈሩ የተማርኩትን 15 ዓመት በአጠገቡ ሳልፍ አላወቅሁትም ነበር። በዝርዝር የምጽፈውም ብዙ ሰው አሁን በዚሁ መንገድ ላይ ስለሆነ ነው። ወይ ሻጭ ነው፣ ወይ ወኪል ነው፣ ወይ እንደ አክስቴ መሀል ላይ የተቀመጠ ነው።

ማን ነው የሚኖረው?

ባሕር ዳር ከዳር ሆኖ ሲያዩዋት አንድ ከተማ ትመስላለች። ጣና፣ ዘንባባ፣ ሰፋፊ መንገድ። ውስጥ ስትገባ ግን ሰፈሩ ሁሉ በየዘመኑ ነው። ገበያውና ጊዮርጊስ አካባቢ የጥንቱ ነው። ቀጥሎ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና በ1955 በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ ያመጡት ሠራተኛና ተማሪ አለ። ከተማዋ የክልል መቀመጫ ከሆነች በኋላ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛው፣ የማኅበር ቤቱ፣ ኮንትራክተሩ መጣ። ዲያስፖራ ሰፈር የዚህ የመጨረሻው ዘመን ልጅ ነው። ስሙ እንደሚለው ውጭ ያለ ሰው ቦታ ይዞ፣ ከውጭ ገንዘብ እየላከ ያሠራው ቤት ይበዛበታል። ከፍ ያለ አጥር፣ ከአጥሩ በላይ ሽቦ፣ ጣሪያ ላይ ሮቶ፣ በሩ ላይ የዘበኛ ቤት።

ከውጭ ለሚያየው ሀብታም የሚኖርበት ሰፈር ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

ቤቱን ለመሸጥ ስነሣ አንድ ደላላ «ጎረቤቱ ማን ማን ነው? ገዢ ይጠይቀኛል» አለኝ። ከአክስቴ ጋር ቁጭ ብለን በእኛ መስመር ያለውን በር ቆጠርን። አሥራ አንድ በር ነው። ባለቤቱ ራሱ ከቤተሰቡ ጋር የሚኖርበት ሦስት ብቻ ነው። አንዱ የሰሊጥ ነጋዴ ነው፣ አንዱ ሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ነው፣ ሦስተኛው ጡረታ የወጡ የዩኒቨርሲቲ መምህር ናቸው። ሦስቱ በር፣ የእኛውን ጨምሮ፣ የባለቤቱ እናት ወይም እህት ወይም የእህት ልጅ የሚጠብቀው ነው። ሁለቱ ተከራይ ያለበት ነው፤ አንዱን የመድኃኒት ሥራ ላይ ያሉ ባልና ሚስት ይዘውታል፣ ሌላው የአንድ እርዳታ ድርጅት ቢሮ ነው። ሁለቱ ውስጥ ከዘበኛና ከዘበኛው ቤተሰብ በቀር ማንም የለም። አሥራ አንደኛው ከነብረቱ የቆመ አጽም ነው፤ ፎቁ ላይ ሣር በቅሎበታል።

አስቡት። ከአሥራ አንድ ቤት አምስቱ ውስጥ ያለው ሰው ኪራይ የማይከፍል፣ ቤቱን የመሸጥም የማከራየትም ሥልጣን የሌለው ሰው ነው። አብዛኛው ከገጠር የመጣ ነው። አክስቴ ከሞጣ ነው የመጣች። የእኛ ዘበኛ ከመራዊ አካባቢ ነው፤ ሚስቱንና ልጁን ይዞ በሩ ላይ ባለችው አንዲት ክፍል ይኖራል። ሰፈሩ ውድ ነው፤ ነዋሪው ግን በጤፍ ዋጋ የሚጨነቅ ሰው ነው። እዚህ ሰፈር ስለ ቤት ገበያ የሚወራው ሁሉ ይህን ሳያውቅ የሚወራ ይመስለኛል።

እናቶቹ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። ዕድራቸው ያው የድሮ ሰፈራቸው ዕድር ነው፤ ለቀብር ታክሲ ተሳፍረው ይሄዳሉ። ከሰዓት ቡና ላይ የሚያወሩት ስለ ልጆቻቸው ነው። «የእኔ ልጅ ለፋሲካ ይመጣል ብሎኛል።» «የእኔው አራት ዓመት ሆነው።» አክስቴ ግቢው ውስጥ ጌሾ ተክላለች፣ ሁለት የቡና እግር አላት፣ ማንጎዋ በየዓመቱ ያፈራል። ከበላተኛው ፍሬው ይበዛል። ማንጎውን የሚበላው የዘበኛው ልጅ ነው።

የመጀመሪያው ዋጋ

የአክስቴ ልጅ ዋጋውን የነገረኝ በዶላር ነው። 250 ሺህ። በጊዜው የባንክ ምንዛሪ ከ57 ብር ብዙም አያልፍም ነበር። ስለዚህ ወደ 14 ሚሊዮን ብር ነው። «ለዚህ ቤት ላለፉት ዓመታት የላክሁት ዶላር ነው። የምቆጥረውም በዶላር ነው» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ሌሊት ሌሊት እየሠራ የላከው ገንዘብ ነው።

ችግሩ ገዢው በብር የሚኖር ሰው መሆኑ ነው።

ገዢ ሆነው የመጡትን ሰዎች አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ። አብዛኞቹ የባሕር ዳር ሰዎች አልነበሩም። የቡሬ በርበሬ ነጋዴ መጣ። የፍኖተ ሰላም ሰው መጣ፣ የቢቸና መጣ፣ ከዳንግላ ሁለት ወንድማማቾች መጡ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር። በየወረዳው ጸጥታ ሲጠፋ አቅም ያለው ሰው ቤተሰቡን ወደ ባሕር ዳር ማምጣት ጀመረ። የባሕር ዳሩ አቅም ያለው ሰው ደግሞ ዓይኑ አዲስ አበባ ላይ ነበር። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ሻጭም በዛ፣ ፈላጊም በዛ። ግን ሁለቱ አልተገናኙም። ሻጩ አዲስ አበባ የሚገዛለትን ያህል ይፈልጋል። ገዢው ከወረዳ ሸጦ የመጣውን ያህል ነው ያለው።

ባንክ እንዳይበደር ደግሞ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገድቦ ነበር። አንድ ገዢያችን፣ የመንግሥት ሆስፒታል ሐኪም፣ ግማሹን በብድር ለመክፈል አስቦ ነበር። ሦስት ባንክ ዞሮ ተመለሰ። ያለው አማራጭ ጥሬ ገንዘብ ነው። ጥሬ ገንዘብ ያለው ደግሞ ነጋዴ ነው። ነጋዴው ገንዘቡን ባንክ ማስቀመጥ አይፈልግም፤ የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ሆኖ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ የሆነበትን ጊዜ አይቷል። ቤት የሚገዛው ሊኖርበት ብቻ ሳይሆን ብሩ እንዳይቀልጥበት ነው። ለዚህ ነው ገዢዎቹ ስለ ሳሎኑ ስፋት ብዙ የማይጠይቁት። ወዲያው «ካርታው ንጹሕ ነው?» ይላሉ።

ወረቀት

ካርታው ንጹሕ መስሎኝ ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከአንድ ዓመት ከሰባቱ ወር ግማሹን የበላው ይህ ነው።

መጀመሪያ ውክልናው። የአክስቴ ልጅ ከዓመታት በፊት የሰጠኝ ጠቅላላ ውክልና ነበረኝ። በእሱ ግብር እከፍላለሁ፣ መብራት አስገባለሁ፣ ቢሮ እገባለሁ። ቤት ለመሸጥ ግን አይበቃም። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይፈልጋል፤ «ይሸጥ» የሚለው ቃል በግልጽ መጻፍ አለበት። አዲስ ውክልና ኤምባሲ ሄዶ ፈረመ። ወረቀቱ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ እኛ ዘንድ እስኪደርስ መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት ሁለት ወር ሄደ።

ሁለተኛ፣ ዜግነቱ። አሜሪካዊ ከሆነ ቆይቷል። የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖረው በዚያን ጊዜ የድሮው ሕግ ይከለክል ነበር። ትውልደ ኢትዮጵያዊ ግን በ1994 በወጣው አዋጅ 270 መሠረት መታወቂያ ካርድ ካወጣ እንደ ዜጋ ንብረት ይይዛል። ሰው ቢጫ ካርድ የሚለው ነው። የእሱ ካርድ ጊዜው አልፎበት መሳቢያ ውስጥ ነበር። ይታደስ ተባለ።

ሦስተኛው ከባዱ ነው። ቤቱ የተሠራው እሱና የቀድሞ ሚስቱ በትዳር ላይ እያሉ ነው። ካርታው የወጣው በእሱ ስም ብቻ ነው። ከዚያ አሜሪካ ተፋቱ፤ እዚያ ያለውን ተካፈሉ፣ እዚህ ያለውን ግን ማንም አላነሣውም። ደላላው «ካርታው በስሙ ከሆነ ምን ችግር አለው?» ብሎኝ ነበር። ችግር አለው። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በማንም ስም ቢመዘገብ የጋራ ነው፤ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ደግሞ ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። ቢሸጥ እሷ ፍርድ ቤት ሄዳ ውሉን ማፍረስ ትችላለች። ገዢውን ማጭበርበር ይሆንብኛል ብዬ እምቢ አልኩ።

የቀድሞ ሚስቱን ራሴ ደወልኩላት። ከስምንት ዓመት በኋላ ነው የተነጋገርነው። በጣም ጥሩ ሰው ናት። «እማማ የት ሊገቡ ነው?» አለችኝ፤ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ይህ ነበር። አክስቴን ነው። ከእኛ ቤተሰብ እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። «ለእሳቸው ቤት ከተገዛ ሌላው ቀላል ነው» አለችኝ። ውክልናዋን ላከች።

አራተኛው ልኬት ነው። የማዘጋጃ ቤት ባለሙያ መጥቶ ሲለካ አጥሩ በስተኋላ በኩል ከካርታው 14 ካሬ ወጥቶ ተገኘ። ሰርቪሱም ከፈቃዱ ውጭ ሁለት ክፍል ተጨምሮበታል። አጥሩን ወደ ውስጥ መለስነው። ለሰርቪሱ ቅጣት ተከፈለ፣ ፕላኑ ተስተካከለ። ዓመታዊ የሊዝ ክፍያውም ሁለት ዓመት አልተከፈለም ነበር፤ ከነወለዱ ተዘጋ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የምትሸጠው ቤቱን ነው፤ ከቤቱ ጋር የሊዝ ውሉ ወደ ገዢው ይዞራል። ዕዳ ያለበት ውል አይዞርም።

ነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ፣ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ነገር አለባችሁ። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ 721 ነባር ቦታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ሰው ሲተላለፍ ተቀባዩ ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል ይላል። ገዢው ይህን ካላወቀ በኋላ ይናደዳል። ካወቀ ደግሞ ከዋጋው ላይ ይቀንሳል። የእኛ ከመጀመሪያው ሊዝ ስለነበር ከዚህ ተርፈናል።

ቀብድ

ሰኔ 2016 ላይ የቡሬው ነጋዴ በ14 ሚሊዮን ብር ተስማማ። የጠየቅነውን ያህል ማለት ነው። 500 ሺህ ብር ቀብድ ከፈለ። በጽሑፍ፣ በምስክር። ቀሪውን በሁለት ወር ውስጥ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርበን ውሉን ስንፈራረም ሊከፍል ነው።

ሰውዬው ለማየት የመጣ ቀን አይረሳኝም። ቤቱን በአሥር ደቂቃ ጨረሰው። ግቢውን ግን አንድ ሰዓት አየው። የሴፕቲኩን ክዳን አስከፈተ። ክረምት ላይ ውኃ የት ድረስ እንደሚቆም ዘበኛውን ጠየቀው። ዘበኛው ግድግዳው ላይ በጣቱ አሳየው። የባሕር ዳር መሬት ሜዳ ነው፤ ጣና ቅርብ ነው፤ ክረምት ላይ ውኃው ከሥር ይነሣል። ሴፕቲክ ይሞላል። ጥቁር አፈር ላይ ያረፈ አጥር ይሰነጠቃል። ነጋዴው የበርበሬ ጆንያ እርጥበት በእጁ የሚለካ ሰው ነው። ግድግዳውን ከታች በመዳፉ ዳበሰው። «ይሁን፣ ሰው የሚኖርበት ይመስላል» አለ። አክስቴን ማመስገኑ ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ዶላር በቀናት ውስጥ ዘለለ። የአክስቴ ልጅ በዚያው ሌሊት ደወለ።

«14 ሚሊዮኑ አሁን ስንት ዶላር ነው?»

ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ «ከ25 በታች አልሸጥም» አለኝ። ሚሊዮን ማለቱ ነው።

«ቀብድ ተቀብለናል እኮ።»

«መልስለት።»

ቀብድ በመመለስ ብቻ አያልቅም። ሕጉ ግልጽ ነው። ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ቡሬ ድረስ ሽማግሌ መላክ ስለማይቻል ሰውዬው ራሱ መጣ፣ እኛ ቤት ቁጭ አልን። እኔ ማፈሬን አልደበቅሁትም። «ምንዛሪው ያመጣው ነው፣ የእኛ ጥፋት አይደለም» የሚል ዘመድ ነበር መሀላችን። ነጋዴው አልተቆጣም። «በርበሬ ዋጋው ሲጨምር እኔ የሸጥሁትን ልቀማ?» አለ። አንድ ሚሊዮን ብሩን ቆጥሮ ሄደ። 500 ሺህ ብር ከአክስቴ ልጅ ኪስ ወጣ።

ያኔም አሁንም ሰውዬው ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ። ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ከዚያ ቀን በኋላ ደላሎቹ ለአራት ወር ገዢ አላመጡልንም። «የዚያ ቤት ሰዎች ቃላቸውን ያጥፋሉ» ተባለ። ሰፈሩ ጠባብ ነው፤ ደላላ ደግሞ ሁሉም ይነጋገራል።

ዶላር ሲወጣ ቤት አይወጣም

የአክስቴ ልጅ ስሌት በወረቀት ላይ ትክክል ነው። እስከ ታኅሣሥ 2017 አንድ ዶላር ከ120 ብር አልፏል። የ250 ሺህ ዶላር ቤት በድሮው ምንዛሪ ወደ 14 ሚሊዮን ነበር፤ በአዲሱ 30 ሚሊዮን ነው። ውጭ ያለ ባለቤት ሁሉ ይህን ስሌት ሠራ። በእኛ መስመር ለሽያጭ ከወጡት ሌሎች ሁለት ቤቶች ላይም ዋጋው በአንድ ጊዜ ከፍ አለ። እስከ ዛሬ ሁለቱም አልተሸጡም።

የሐኪሙ ደሞዝ ግን በእጥፍ አልጨመረም። የጤፍና የበቆሎ ነጋዴው ገቢም በዶላር አይደለም። ባሕር ዳር ላይ የቤት ዋጋ የሚቆመው በዚህ ሰው አቅም ላይ ነው። ዶላር ያለው ሰው በዚያ ሰዓት ባሕር ዳር አይገዛም፤ አዲስ አበባ ነው የሚገዛው። አንድ ሻጭ ዋጋ የመጥራት መብት አለው። ግን ዋጋ ሁለት ሰው ሲስማማበት ነው። ይህን ለአክስቴ ልጅ ለማስረዳት ስድስት ወር ፈጀብኝ። በስልክ አይገባም። በመጨረሻ አንድ ነገር አደረግሁ፤ በየወሩ ቤቱ ላይ የሚወጣውን ወጪ ጽፌ ላክሁለት። የዘበኛ፣ የመብራት፣ የውኃ፣ የሴፕቲክ ማስመጠጫ፣ የሊዝ፣ ክረምት ላይ የተቀየረው ቆርቆሮ። ኪራይ የሚያመጣ ነገር የለም። «ለማከራየትስ?» አለኝ። ለማከራየት አክስቴ መውጣት አለባት። ከጎናችን ያለው የእርዳታ ድርጅትም በዚያው ሰሞን ቢሮውን ዘግቶ ወጥቶ ነበር። ትልቅ ቪላ በጥሩ ኪራይ የሚይዘው በአብዛኛው እንደዚያ ያለ ተቋም ነው፤ ቤተሰብ ሁለት መኝታ ይበቃዋል።

ገዢው አጠገባችን ነበር

መጋቢት 2017 ላይ አክስቴ ራሷ ገዢ አመጣች።

መድኃኒት ሥራ ላይ ያሉት ባልና ሚስት ናቸው፤ ከእኛ በር ሦስተኛው ላይ ስድስት ዓመት በኪራይ የኖሩት። አከራያቸው ከውጭ ደውሎ ኪራዩን በዶላር ልክ እንደሚያደርገው ነገራቸው። ሚስትየዋ ለአክስቴ ቡና ላይ አጫወተቻት። አክስቴም «ይኸው የእኛው አለ አይደል?» አለቻት። ማንም ደላላ ያላሰበው ነገር ነው። ደላላው ሲፈልግ የነበረው ከውጭ የሚመጣ ገዢ ነው። ሰፈሩ ውስጥ በኪራይ የሚኖር፣ ውኃው የት እንደሚቆም የሚያውቅ፣ ልጆቹ እዚያው የሚማሩ ሰው ዓይን ውስጥ አልገባም ነበር።

በ17 ሚሊዮን ብር ተስማማን። በወቅቱ ምንዛሪ ከ130 ሺህ ዶላር ብዙ አይርቅም። የአክስቴ ልጅ ከመጀመሪያው ዋጋ በብር ሦስት ሚሊዮን ጨምሮ፣ በዶላር ግማሹን ገደማ አጥቶ ሸጠ። ሐምሌ 2016 ላይ ሸጦ ቢሆን ኖሮስ? የ14 ሚሊዮኑ ብር አዲስ አበባ ላይ ምን ይገዛ እንደነበር አስልቶ ራሱ ነገረኝ። እኔ አላነሣሁበትም።

ውሉ ላይ አንድ ነገር ተከራከርን። ግብርና ቴምብር እንዲቀንስ ዋጋው ከእውነቱ ዝቅ ተደርጎ ይጻፍ የሚል ሐሳብ መጣ። ብዙ ሰው ያደርገዋል። እኔ ሁለቱንም ወገን አስቀምጬ እንዲህ አልኳቸው፦ ነገ ውሉ ቢፈርስ ፍርድ ቤት የሚያስመልስላችሁ የተጻፈውን ነው። 17 ከፍላችሁ 8 ተጽፎ ከሆነ 9 ሚሊዮኑ በእግዜር ቃል ብቻ የቆመ ነው። ቢሮውም የራሱን ግምት ያወጣል። ገዢዎቹ ወዲያው ገባቸው። 17 ተብሎ ተጻፈ። የ2 በመቶው ቴምብር ብቻ 340 ሺህ ብር ነው፤ እነሱ ከፈሉ። ስሙ እስኪዞር ድረስ ደግሞ ሁለት ሚሊዮን ብር በባንክ ታግዶ እንዲቆይ አደረግን። ይህች እገዳ ሁለቱንም አስተኛቻቸው።

ደላላው በመጨረሻ መጣ። ገዢውን አላመጣም፤ ግን አንድ ዓመት ተመላልሷል። ሁለት በመቶ ጠየቀ። በሽማግሌ ትንሽ ተቀንሶ ተሰጠው።

አክስቴ

የቀድሞ ሚስቱ ውክልና ላይ ቅድመ ሁኔታ ብላ ያጻፈችው ነገር የለም። ቃል ብቻ ነው። እኔ ግን ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ይጻፍ አልኩ። እናት ሸኝቶ «በኋላ እንገዛላታለን» የሚባለውን ስንቱ ቤት አይቼዋለሁ። እናቲቱ አንዱ ልጅ ጋር ትገባለች፣ ከዚያ ሌላው ጋር፣ ሻንጣዋ ሳይፈታ ዓመት ይሆናታል። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ቤቱን ቤት አድርጋ ያቆየችው እሷ ናት። ነጋዴው ግድግዳውን ዳብሶ ያመሰገነው የእሷን ሥራ ነው። ገበያው ለዚህ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ከሽያጩ በፊት ቤተሰቡ ራሱ ዋጋ ሊሰጠው ይገባል ብዬ አምናለሁ። አጥብቄ ነው የማምነው።

ዓባይ ማዶ 150 ካሬ ላይ ያረፈች ባለሁለት መኝታ ቤት በ4 ሚሊዮን ተኩል ብር ተገዛች። በአክስቴ ስም። «በእኔ ስም ይሁንና እሷ ትኑርበት» የሚል ሐሳብ ከአሜሪካ መጥቶ ነበር። «በስሟ» አልኩ። እሱም ትንሽ ካሰበ በኋላ «እሺ አያ፣ በስሟ» አለ። ዓባይ ማዶ ድሮ ሩቅ ነበር፤ 380 ሜትሩ አዲሱ ድልድይ ግንቦት 2016 ከተከፈተ ወዲህ ግን ከጊዮርጊስ ለመድረስ ብዙ አይፈጅም። ለእሷ ዋናው መለኪያ ይህ ነው።

ዘበኛው አልወጣም። አዲሶቹ ባለቤቶች ባለበት አስቀሩት። የእሱን ጉዳይ ማንም በውል ላይ አልጻፈውም፣ እኔም አላሰብኩትም። ውጣ ቢሉት ኖሮ ሚስቱንና ልጁን ይዞ በዚያ ክረምት ወደ መራዊ መመለስ ነበረበት። ይህ እስከ አሁን ይከነክነኛል።

አክስቴ ስትወጣ ከትልቁ ቤት የወሰደችው ምንም ዕቃ የለም። ሶፋው ከነፕላስቲኩ ቀረ። ጌሾዋን ነቅላ በፌስታል፣ አንዲት የቡና ችግኝ በቆርቆሮ ጣሳ ይዛ ነው የሄደችው። ማንጎው አይነቀልም።

ባለፈው ቅዳሜ ልጠይቃት ሄድኩ። ቡናው ቀርቦ ሳለ ዘበኛው ደወለላት። በየሳምንቱ ይደውልላታል። ስለ ልጁ ጠየቀችው፣ ስለ ማንጎው ጠየቀችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከላይ ይተኛሉ?» አለችው።

«ሦስቱም ክፍል ሌሊት ሌሊት መብራት ይበራል እማማ» አላት።

«እሰይ» አለች። ስልኩን አስቀምጣ ሁለተኛውን ቀዳች።